ማስታወቂያዎን ያየው ሰው ለምን አይነካውም? የጠቅታ ምጣኔን የመለካትና የማሳደግ መመሪያ

«ማስታወቂያችንን መቶ ሺህ ሰው አየው» የሚል ብዙ ነጋዴ አጋጥሞኛል። «ከዚያ ውስጥ ስንቱ ሊንኩን ነካው?» ብዬ ስጠይቅ ግን መልሱን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እይታ ብቻውን ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወጪው ግን በየቀኑ ከኪስ ይወጣል። ይህ መመሪያ ለማስታወቂያ ገንዘብ ከፍለው ውጤቱን በግምት ለሚከታተሉ ነጋዴዎችና ለእነሱ ለሚሠሩ ወጣት ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው።

የጠቅታ ምጣኔ፣ በባለሙያዎች አጠራር ሲቲአር፣ ማስታወቂያዎ ከታየበት ጊዜ ሁሉ ስንት እጁ እንደተነካ የሚናገር ቁጥር ነው። የጠቅታውን ብዛት ለእይታው ብዛት ያካፍሉና በ100 ያባዙ። 10,000 ጊዜ ታይቶ 150 ጊዜ ከተነካ ምጣኔው 1.5 በመቶ ነው። ስሌቱ ይኸው ነው። የሚያስቸግረው «ጠቅታ» እና «እይታ» ተብሎ የተቆጠረው ምን እንደሆነ ማወቁ ነው፤ ከዚያም ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ምን እንደሚል መረዳቱ።

ነገሩ በእጅ እንዲዳሰስ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሽሮ ሜዳ ላይ የሐበሻ ቀሚስ የሚያሰፋና የሚሸጥ ሱቅ አለ እንበል። ድረ ገጽ፣ የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል አለው። ከገዢዎቹ ግማሾቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ የቀሩት በዋሽንግተን አካባቢ፣ በዱባይና በቴል አቪቭ ይኖራሉ። በሱቁ ስም የማነሣቸው ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ የተቀመጡ ናቸው።

ሁሉም አስቀድሞ የሚጠይቀው «ጥሩ የሚባለው ስንት በመቶ ነው?» ብሎ ነው። ለሁሉም የሚሠራ መልስ የለም። በድረ ገጽ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሥዕላዊ ማስታወቂያዎች አንዱን ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦክቶበር 1994 ሆትዋየርድ በተባለ ድረ ገጽ ላይ አስነግሮ ነበር፤ ምጣኔው 44 በመቶ ገደማ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ እንዲህ ያለ በገጽ ዳር የሚለጠፍ ማስታወቂያ አንድ በመቶ ቢያገኝ ባለቤቱ ደስተኛ ነው። ያኔ ሰው የነካው ነገሩ አዲስ ስለነበር ነው፤ አሁን ዓይናችን ማስታወቂያን ዘሎ ማለፍ ለምዷል። ምጣኔ በቦታው፣ በተመልካቹ ፍላጎትና በጊዜው ይለዋወጣልና ራስዎን የሚያወዳድሩት ካለፈው ወር የራስዎ ውጤት ጋር ይሁን።

አንድ ነገር ግን አያጠራጥርም፤ የተሻለ ምጣኔ የእያንዳንዱን ጠቅታ ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። ጉግል ከ2002 ጀምሮ በፍለጋ ገጹ ላይ የማስታወቂያዎችን ቅደም ተከተል ሲወስን የቀረበለትን ዋጋ ብቻ አይመለከትም፤ ማስታወቂያው የመነካት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነም ይመዝናል። ስለዚህ ፈላጊው ከሚፈልገው ጋር የገጠመ ማስታወቂያ ከተፎካካሪው ያነሰ ዋጋ አቅርቦም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል።

1. የተቆጠረው ምን እንደሆነ ይለዩ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው የቀሩትን ደረጃዎች በሙሉ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ይገነባል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልሄድበት።

አድስ ማኔጀር፣ ማለትም የፌስቡክ ማስታወቂያ የሚመራበትና ውጤቱ የሚታይበት ገጽ፣ ሁለት ዓይነት ምጣኔ ያሳያል። አንደኛው ሁሉንም ጠቅታ ያጠቃልላል፤ ሰው ጽሑፉን ለመዘርጋት «ተጨማሪ» የሚለውን ሲነካ፣ ፎቶውን ሲያጎላ፣ ላይክ ሲያደርግ፣ የገጹን ስም ሲነካ ሁሉ ይቆጠራል። ሁለተኛው የሚቆጥረው ሊንኩ ላይ ያረፉትን ጠቅታዎች ብቻ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ደግሞ ጥበቡን በቅርበት ለማየት የሚያስጎመጅ ስለሆነ፣ በዚህ ሥራ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ይሆናል። የሱቃችን ማስታወቂያ 20,000 ጊዜ ታየ እንበል። ሁሉም ጠቅታ ሲደመር 900፣ የሊንኩ ጠቅታ 160 ነው። የመጀመሪያው ምጣኔ 4.5 በመቶ፣ ሁለተኛው 0.8 በመቶ ይሆናል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ወደ ሱቁ በር የመጣውን ሰው የሚነግርዎ ግን ሁለተኛው ነው።

«እይታ» የሚለውም መታየት አለበት። 20,000 እይታ ማለት 20,000 ሰው ማለት አይደለም። ማስታወቂያው የደረሳቸው ሰዎች 8,000 ከሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በአማካይ ሁለት ጊዜ ተኩል አይተውታል ማለት ነው። ይህ የድግግሞሽ ቁጥር በኋላ ያስፈልገናልና ልብ ይበሉት።

አገር ውስጥ ያለ ነጋዴ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ችግር ምክንያት ማስታወቂያውን ብዙ ጊዜ በወኪል በኩል ያስከፍላል። ወኪሉ በስልክ የተነሣ የሪፖርት ፎቶ ሲልክልዎ አይቀበሉ። በማስታወቂያው ሒሳብ ላይ የመመልከት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ማየት ብቻ የሚያስችል ፈቃድ መስጠት ለወኪሉ ምንም ጉዳት የለውም፣ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ገንዘቡ የእርስዎ ነው፤ የሊንክ ጠቅታው ስንት እንደሆነ በራስዎ ዓይን የማየት መብት አለዎት። ፈቃዱን የሚከለክል ወኪል ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

ቴሌግራም ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ልጥፍ ግርጌ ላይ የእይታ ቁጥር አለ፤ ሊንኩን ስንት ሰው እንደነካው ግን አይነግርዎም። ስለዚህ ለየልጥፉ የተለየ አጭር ሊንክ ያዘጋጁ፤ ወይም በሊንኩ ጫፍ ላይ ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የዩቲኤም ምልክት ጨምረው የድረ ገጽ ጎብኚዎችን በሚቆጥረው በጉግል አናሊቲክስ ይከታተሉ። ልጥፉ ወደ ሌላ ቻናል ሲተላለፍ እዚያ ያገኘው እይታም በዋናው ቁጥር ላይ እንደሚደመር አይርሱ። ምጣኔውን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ልጥፉ በወጣ በ24ኛው ሰዓት ያስሉ፤ አለዚያ የትናንቱን ልጥፍ ከወር በፊቱ ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ድረ ገጽ የሌለው፣ በስልክና በመልእክት ብቻ የሚሸጥ ሰውም መለኪያ አያጣም። በልጥፉ ላይ «ኮድ 14 ብለው ይላኩልን» ይበሉ፤ ለሚቀጥለው ልጥፍ ኮድ 15 ይስጡ። የመጡትን መልእክቶች ለእይታው ማካፈል ነው።

2. የተለያየውን አይደባልቁ

«የሐበሻ ቀሚስ ዋጋ» ብሎ ጉግል ላይ የጻፈ ሰው ቀሚሱን ልቡ ይዞታል። ፌስቡክ ላይ የዘመዱን ፎቶ እያየ ያለ ሰው ግን ስለ ቀሚስ አላሰበም። የመጀመሪያው ምጣኔ ቢልቅ የሚያስገርም አይደለም። የፍለጋን፣ የፌስቡክንና የቴሌግራምን ውጤት ደምሮ አንድ አማካይ ማውጣት ስለ ምንም ነገር የማይናገር ቁጥር ይሰጣል።

አማካይ የሚያሳስትበትን መንገድ በጉግል ሰርች ኮንሶል፣ ማለትም ድረ ገጽዎ በየትኛው የፍለጋ ቃል ስንት ጊዜ እንደታየና እንደተነካ በሚያሳየው መሣሪያ፣ እንየው። የሱቁ ገጽ ባለፈው ወር በፍለጋ 1,000 ጊዜ ታይቶ 60 ጊዜ ተነካ፤ 6 በመቶ። በዚህ ወር ምጣኔው 2 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ባለቤቷ ደነገጠች። ወደ ፍለጋ ቃላቱ ዝርዝር ስንገባ ግን ያለፈው ወር ቃላት ዛሬም 1,000 ጊዜ ታይተው 60 ጠቅታ አምጥተዋል። አዲስ የመጣው ነገር ገጹ «የሠርግ ልብስ» እና «የባህል ልብስ» ለሚሉ ፍለጋዎችም በሦስተኛውና በአራተኛው ገጽ ላይ መታየት መጀመሩ ነው፤ በዚያ 4,000 እይታና 40 ጠቅታ ተጨመረ። ድምሩ ከ5,000 እይታ 100 ጠቅታ ነው። ምጣኔው ወረደ፣ ገበያተኛው ግን ጨመረ። ይህን ሳያዩ ገጹን አፍርሶ እንደገና መጻፍ የሚሠራውን ነገር ማበላሸት ነው።

የተጋነነ ምጣኔም ሲያዩ ይጠርጥሩ። ማስታወቂያው በስልክ ጨዋታዎችና መተግበሪያዎች ውስጥ ሲወጣ ሰው ሊዘጋው ሲል በስህተት ይነካዋል። በአድስ ማኔጀር ውስጥ ውጤቱን በሚታይበት ቦታ ከፋፍለው ይመልከቱ፤ ከፍተኛ ጠቅታ አምጥቶ አንድም ትእዛዝ ያላመጣ ቦታ ካለ ያውጡት።

3. የመጀመሪያውን መስመር እንደገና ይጻፉ

ምጣኔ ከሁሉ በላይ የሚሻሻለው እዚህ ላይ ነው። በየገጹ የምናገኘው የማስታወቂያ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይነበባል፦

«ውድ ደንበኞቻችን እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ እያልን ድርጅታችን ልዩ ልዩ የባህል አልባሳትን በጥራትና በተመጣጣኝ ዋጋ ይዞላችሁ መቅረቡን ሲገልጽ በታላቅ ደስታ ነው።»

በስልክ ሲታይ ጽሑፉ ከጥቂት መስመር በኋላ ተቆርጦ «ተጨማሪ» የሚል ይመጣል። እዚያ እስኪደርስ ድረስ ይህ ጽሑፍ የሚሸጠውን ነገር ስም፣ ዋጋውንም ሆነ የሚደርስበትን ጊዜ አልተናገረም። «ልዩ ልዩ»፣ «በጥራት»፣ «በተመጣጣኝ ዋጋ» የሚሉትን ማንኛውም ሱቅ ይላቸዋል። ሰላምታው መልካም ነው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ይሁን። አሁን ይህን እንመልከት፦

«በእጅ የተፈተለ የፈትል ቀሚስ ከነነጠላው፣ ከ9,500 ብር ጀምሮ። ልክዎን ይላኩልን፣ በ10 ቀን ሰፍተን እናስረክባለን። ጥለቶቹን ለመምረጥ ሊንኩን ይንኩ። እንኳን አደረሳችሁ።»

የጨርቁ ዓይነት ተነገረ፤ መነን ወይም ሽፎን የምትፈልገው ሴት ያልፋታል፣ ፈትል የምትፈልገው ቆም ትላለች። ነጠላው አብሮ መሆኑ ከሚቀጥለው ሱቅ ጋር ለማነጻጸር ያስችላል። አሥር ቀን የሚለው ለሠርግም፣ ለመልስም ቀን ቆርጣ ለምትጠብቅ ሴት ከዋጋው የማያንስ ነገር ነው። ሊንኩን ስትነካ ምን እንደሚጠብቃት ደግሞ በግልጽ ተነግሯታል፤ የጥለቶች ምርጫ። «ለበለጠ መረጃ» የሚለው ግን ምን እንደሚጠብቃት ስለማይናገር ጣትን አያንቀሳቅስም።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልበል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ገበያተኛውን ያደክመዋል። ዋጋው በቁርጥ የማይነገር ከሆነ «ከዚህ ያህል ጀምሮ» ይበሉ። ዋጋ ሲጻፍ አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ሊንኩን አይነካም፤ ምጣኔዎም ትንሽ ሊወርድ ይችላል። ይውረድ። ያ ሰው ቢነካውም አይገዛም ነበር፤ ለጠቅታው ግን እርስዎ ከፍለዋል። የሚነኩት ዋጋውን አውቀው የመጡ ይሆናሉ፤ መልእክት በመመለስ የሚባክን ሰዓትም ይተርፍልዎታል።

ለፍለጋ የሚሆነውን የገጽ ርዕስ ሲጽፉ ሁለት ነገር ይጨምሩ። አንደኛ፣ ጉግል ረዥም ርዕስን የሚቆርጠው በስክሪኑ ላይ በሚይዘው ስፋት ነው፤ የእኛ ፊደላት ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ዋናው ቃል ከፊት ይቀመጥ፣ የሱቁ ስም ከኋላ ይምጣ። ሁለተኛ፣ አማርኛ ፈላጊ አንድን ቃል በብዙ መንገድ ይጽፋል። ሐበሻ፣ ሀበሻ፣ ሃበሻ፣ አበሻ ሁሉም ይመጣሉ። ውጭ አገር ያደጉት ልጆች ደግሞ ፊደሉን ስለማያነቡ በላቲን ይጽፉታል። ሰርች ኮንሶል በየትኛው አጻጻፍ እንደመጡ ይነግርዎታል፤ ብዙ ሰው ያመጣውን በርዕሱ፣ ሌሎቹን በገጹ ጽሑፍ ውስጥ በተፈጥሯዊ መንገድ ያስገቡ። ርዕስ ውስጥ አራቱንም መደርደር ግን ገጹን የአጭበርባሪ ያስመስለዋል።

4. ፎቶውን በስልክ መጠን ይመርምሩት

ፎቶው በኮምፒውተር ሲያዩት ያማረ ቢሆንም ገዢዋ የምታየው በመዳፏ ላይ ነው። ክንድዎን ዘርግተው ስልኩን ይያዙና ይመልከቱ፤ ጥበቡ ይለያል? ካልተለየ ቀረብ ብለው እንደገና ያንሡ። በማንጠልጠያ ላይ ካለ ቀሚስ ሰው የለበሰው ይሻላል፤ አወራረዱ የሚታየው ያኔ ነው። ፎቶው ላይ ስልክ ቁጥር፣ ዋጋ፣ አርማና አበባ አይከምሩ። ከሌላ ሱቅ ገጽ የተወሰደ ፎቶ ደግሞ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ደንበኛዋ ያየችውንና የደረሳትን ልብስ ጎን ለጎን የምታስተያይበት ቀን ይመጣል።

5. ማን፣ መቼ እንደሚያየው ይወስኑ

አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ሰው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ለአገር ቤትና ለአሜሪካ አንድ ማስታወቂያ በአንድ ሰዓት ከመልቀቅ ሁለት ለይቶ ማዘጋጀት ይሻላል። ዋጋውም ለአንዱ በብር፣ ለሌላው የመላኪያውን ጨምሮ በዶላር ይነገር። ዱባይና ቴል አቪቭ ከአዲስ አበባ ጋር ያላቸው የሰዓት ልዩነት ከአንድ ሰዓት ስለማይበልጥ በዚያ በኩል ችግር የለም።

ወቅቱንም ወደ ኋላ ቆጥረው ይያዙ። ለእንቁጣጣሽ የሚለበስ ቀሚስ ለአዲስ አበባ ገዢ በነሐሴ መጀመሪያ ቢታይ ይደርሳል፤ ባሕር ማዶ ላለችው ግን የስፌቱና የመላኪያው ጊዜ ስላለ በሐምሌ መታየት አለበት። ጳጉሜን ላይ የሚመጣላት ማስታወቂያ ምንም ቢያምር አትነካውም፤ እንደማይደርስላት ታውቃለች። ለጥር ሠርግም እንዲሁ ነው።

ድግግሞሹን ያስታውሱታል? ጥሩ የነበረ ማስታወቂያ በሳምንታት ውስጥ ምጣኔው እየወረደ፣ ድግግሞሹ እየጨመረ ከሄደ ማስታወቂያው ለተመልካቹ እጅ እጅ ብሎታል። በጀት መጨመር ያን ጊዜ አይረዳም። ፎቶውንና የመጀመሪያውን መስመር ይለውጡ፣ ወይም አዲስ ተመልካች ይፈልጉ።

6. ይሞክሩ፤ በጥቂት ቁጥር ግን አይፍረዱ

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ፎቶውንም ጽሑፉንም አብረው ከለወጡ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። ሁለቱ ማስታወቂያዎች በአንድ ሰሞን፣ ለተመሳሳይ ተመልካች፣ በተቀራረበ የእይታ ብዛት ይሂዱ፤ አንዱን ከበዓል በፊት፣ ሌላውን ከበዓል በኋላ ማውጣት ሙከራ አይባልም።

ውጤቱን ለመፍረድ ማንኛውም ሰው በስልኩ ካልኩሌተር ሊሠራው የሚችል ግምታዊ ስሌት አለ። የእይታው ብዛት እኩል ከሆነ የሁለቱን ጠቅታ ይደምሩ፤ የድምሩን ስኩዌር ሩት ይውሰዱና በሁለት ያባዙ። የሁለቱ ልዩነት ከዚህ ቁጥር ካልበለጠ ልዩነቱ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። አንዱ 20፣ ሌላው 26 ጠቅታ አገኘ እንበል። ድምሩ 46፣ ስኩዌር ሩቱ 6.8፣ እጥፉ 13.6 ነው። ልዩነቱ 6 ብቻ ስለሆነ አሸናፊ የለም፤ ሙከራው ይቀጥል። በሌላ ጊዜ 200 እና 260 ቢሆን ድምሩ 460፣ ስኩዌር ሩቱ 21.4፣ እጥፉ 43 ገደማ ነው። ልዩነቱ 60 ነውና አሁን መወሰን ይችላሉ። የብልጫው ምጣኔ በሁለቱም ጊዜ 30 በመቶ እንደሆነ ያስተውሉ፤ የተለየው የማስረጃው ብዛት ነው። ብዙ ጥሩ ማስታወቂያ የሚጣለው በመጀመሪያው ቀን ማለዳ በታየ ቁጥር ተደናግጦ ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

7. ከጠቅታው በኋላ ያለውን ይከተሉ

ሊንኩን የነካች ሴት መጀመሪያ ማየት ያለባት ማስታወቂያው ላይ ያየችውን ያንኑ ቀሚስ፣ በዚያው ዋጋ ነው። ወደ ድረ ገጹ መግቢያ ወስዶ «ከዚህ ፈልጊ» ማለት ደንበኛን መመለስ ነው። በአድስ ማኔጀር የሊንክ ጠቅታንና ገጹ ተከፍቶ የታየበትን ብዛት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። 160 ሰው ነክቶት ገጹ የተከፈተው ለ95 ብቻ ከሆነ የቀሩት ገጹ እስኪከፈት ሳይጠብቁ ሄደዋል። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ከባድ ፎቶ ጊዜም ብርም ይበላል። የፎቶዎቹን መጠን ይቀንሱ፤ ከዚያ ገጹን ከቢሮው ዋይፋይ ውጭ፣ በተራ ስልክ፣ በዳታ ከፍተው ይሞክሩት።

ሁለት ማስታወቂያ አስተያይተን እንጨርስ። ሁለቱም 10,000 ጊዜ ታይተዋል፤ አንድ ጠቅታ 5 ብር ያስከፍላል እንበል። «ያልታየ ቅናሽ! ሳያመልጥዎ!» የሚለው 3 በመቶ አግኝቶ 300 ጠቅታ አመጣ፤ ወጪው 1,500 ብር፣ ትእዛዙ 3 ነው። ጨርቁንና ዋጋውን የተናገረው 1.2 በመቶ አግኝቶ 120 ጠቅታ አመጣ፤ ወጪው 600 ብር፣ ትእዛዙ 6 ነው። በመጀመሪያው አንድ ትእዛዝ 500 ብር፣ በሁለተኛው 100 ብር ፈጀ። ምጣኔውን ብቻ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጥ ነበር። ማጥመጃ ርዕስ ሌላም ዋጋ ያስከፍላል፤ ፌስቡክ ከ2014 ጀምሮ ሰዎች ሊንክ ነክተው ወዲያው የሚመለሱበትን ልጥፍ ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይ አስታውቋል።

ለክትትሉ አንድ ገጽ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃል። በየሳምንቱ ሰኞ ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ አንድ መስመር ይሙሉ፦ የወጣበት ቦታ፣ እይታ፣ ድግግሞሽ፣ የሊንክ ጠቅታ፣ የተከፈተ ገጽ፣ ትእዛዝ፣ ወጪ። በመጨረሻው ዓምድ በዚያ ሳምንት የለወጡትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ፎቶውን ከማንጠልጠያ ወደ ሰው ለወጥን»። የማስታወቂያው ጽሑፍና ፎቶም በዚያው ፋይል ይቀመጥ፤ በመጪው ሐምሌ የእንቁጣጣሹን ዝግጅት ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚከፍቱት እሱን ነው።